ከሩቅ የሚዘረጋ እጅ፤ የኮምፒዩተራችንን በር ለማን እንክፈት?

በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ በኮምፒዩተር ረዳቶች ቡድን ስም የቀረበ ንግግር







በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ባህላችን፣ ስለ ልጆቻችን ቋንቋና ስለ አገራችን ጉዳይ መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ 20 ደቂቃ ሲሰጠን ስለ ኮምፒዩተር፣ ያውም ስለ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ብቻ ለመናገር መረጥን። ይህንንም ያደረግንበት ምክንያት አለን። በዚህ ፕሮግራም የተነሳ ብዙ አባሎቻችን ከብዙ ድካም ድነዋል። በዚሁ ፕሮግራም የተነሳ ግን አንድ ሰው ለዓመታት በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጣ ይችላል። አንድ ዕቃ ይህን ያህል ሲጠቅምና ይህን ያህል ሲጎዳ ደግሞ፣ አጠቃቀሙ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማኅበር ጉዳይ ይሆናል።

ፕሮግራሙ አንድ ሰው እቤቱ ተቀምጦ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ያለን ኮምፒዩተር እንዲያይና እንዲያዝ የሚያስችል ነው። ቲምቪወር የሚሉት አሉ፤ ኤኒዴስክ የሚሉት አሉ፤ ሌሎችም ስሞች አሉት። ስሙን የማያውቁ እናቶቻችን እንኳ «ያ ልጄ ከሩቅ ሆኖ ቀስቷን የሚያንቀሳቅስበት» ሲባሉ ወዲያው ያውቁታል።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ። ቤት እሳት ሲነሳበት፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ስለሆነ እውነታቸውን ነው። በኮምፒዩተር ጉዳይ ግን ተረቱ የተገለበጠበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ጀርመናዊው ጎረቤታችን ደግ ሰው ቢሆንም የአማርኛ ፊደል መጻፊያ በኮምፒዩተራችን ላይ ሊጭንልን አይችልም። ሃምቡርግ ያለው የወንድማችን ልጅ ግን ከጠረጴዛችን አጠገብ እንደተቀመጠ ሆኖ በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ችግሩ የሩቅ ዘመድ በሚገባበት በር የሩቅ ሌባም መግባት መቻሉ ነው። በሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማን ማንን እንደጠራ ነው። ዛሬ የምንለው ሁሉ በዚህች አንዲት ነጥብ ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ኮምፒዩተር በፊቱ የተቀመጠውን ሰው አያይም። የሚያውቀው ማውሱ ወዴት እንደሄደና የትኛው የኪቦርድ ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው። ያ ምልክት ከጠረጴዛው ላይ ይምጣ ወይም ከባሕር ማዶ፣ ለእሱ አንድ ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች በመሠረቱ የሚያመላልሱት ሁለት ነገር ነው። ከእኛ ኮምፒዩተር የስክሪኑን ምስል ወደ ረዳታችን ይወስዳሉ፤ ከረዳታችን ደግሞ የማውሱንና የኪቦርዱን እንቅስቃሴ ወደ እኛ ያመጣሉ። ምስሉን ሙሉ በሙሉ እየደጋገሙ አይልኩም። በስክሪኑ ላይ የተለወጠውን ክፍል ብቻ እየለዩና እየጨመቁ ስለሚልኩ የኢንተርኔት መስመሩ ቀጭን በሆነበት አገርም፣ እየተንቀረፈፈም ቢሆን፣ ይሠራል።

ሁለቱ ኮምፒዩተሮች እንዴት ይገናኛሉ ለሚለው ጥያቄ የድሮውን የስልክ ቤት ማስታወስ ይበቃል። እቤታችን ያለው የኢንተርኔት ሳጥን ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣን እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አያስገባም። ስለዚህ ሁለቱም ኮምፒዩተሮች የፕሮግራሙ ባለቤት ወደሆነው ድርጅት ማዕከል ይደውላሉ፤ ማዕከሉም እንደ ጥንቱ ኦፕሬተር ያገናኛቸዋል። ለዚህ እንዲረዳ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ብቻውን ግን አያስገባም። ወይ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ወይም በስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ «እሺ» ብሎ መፍቀድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ያንን ቁጥርና የይለፍ ቃል በስልክ ለሌላ ሰው የሚያነበው የኮምፒዩተሩ ባለቤት ራሱ ነው። ወደፊት የምንነግራችሁ አብዛኛው ጥፋት መቆለፊያው ተሰብሮ የሚደርስ አይደለም፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ተሰጥቶ የሚደርስ ነው።

የአካባቢያችን ሥራ ነው

ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ማዘዝ የትናንት ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜንሎ ፓርክ የነበረን ኮምፒዩተር ሲያዝ ለተሰበሰበው ሕዝብ አሳየ። የሠራውን ማውስም በአደባባይ ያሳየው በዚያው ዕለት ነው። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የነበረ የምርምር ቤት ቪ.ኤን.ሲ. የተባለውን ፕሮግራም ማንም በነፃ እንዲወስደው ለቀቀ። በ2001 ደግሞ ማይክሮሶፍት ይህንኑ ችሎታ በዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ውስጥ አስገባው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። ቲምቪወር በ2005 የተመሠረተው ከዚህ ከሽቱትጋርት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጌፒንገን ከተማ ነው። መነሻ ሐሳቡም ቀላል ነበር፤ ለደንበኛ ፕሮግራም ለማሳየትና ለመጫን በየጊዜው መኪና እየነዱ መሄድን ማስቀረት ነው። ኤኒዴስክም በ2014 እዚሁ ሽቱትጋርት ውስጥ ተቋቋመ። ብዙዎቻችን በየቀኑ በባቡር የምናልፍበት አካባቢ የፈለቀ ነገር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል ማለት ነው።

በ2020 የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ በየቤቱ ሲዘጋው፣ የቢሮ ሠራተኛ እቤቱ ሆኖ የቢሮውን ኮምፒዩተር ያዝበት የነበረው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ነው። በእኛም ዘንድ ልጅ እናቱን፣ የእህት ልጅ አጎቱን መርዳት የለመደው በዚያን ጊዜ ነበር።

ምን ጠቀመን?

ጥቅሙን በአጭሩ እንናገር። ማተሚያው እምቢ ያላቸው፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣላቸውን ፎርም በኮምፒዩተር መሙላት ያቃታቸው፣ ሐኪም የላከላቸውን ሰነድ መክፈት የተሳናቸው አባሎቻችን ይደውሉልናል። ድሮ ቢሆን ኖሮ ከሥራ በኋላ ባቡር ይዘን፣ ማታ ደርሰን፣ የ5 ደቂቃ ሥራ ሠርተን፣ በግድ እራት ብሉ ተብለን እንመለስ ነበር። እራቱ ዛሬም ይናፍቀናል። ሥራው ግን በስልክና በዚህ ፕሮግራም እዚያው ያልቃል።

አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦችም እንደዚሁ ነው። እዚያ ላለች እህት የአማርኛ መጻፊያ መጫን፣ ለወንድም የጠፋበትን ፋይል መፈለግ የሚቻል ሆኗል። እርግጥ መብራት ሲሄድ ወይም መስመር ሲቋረጥ ሥራው በመካከል ይቆማል። የመስመሩም ሒሳብ በዚያ በኩል የሚከፈል ስለሆነ ረዳቱ ይህን አስቦ ሥራውን ማሳጠር አለበት። ቢሆንም ርቀት ያቋረጠውን መደጋገፍ በከፊል መልሶልናል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሌባው እንዴት ይገባል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሌባው የሚመጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ አንድ ጊዜ ካወቅናቸው እንለያቸዋለን።

የመጀመሪያው መንገድ ስልክ ነው። ደዋዩ «ከማይክሮሶፍት ነኝ» ወይም «ከባንክዎ ነኝ» ይላል፤ ኮምፒዩተራችን በቫይረስ እንደተያዘ ወይም ከሒሳባችን ገንዘብ ሊወጣ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለተኛው መንገድ ድንገት ስክሪኑን የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ ነው። እንደ ሳይረን ይጮኻል፣ አልዘጋም ይላል፣ በመካከሉም «በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ስልክ አለበት። ማይክሮሶፍት ግን ሳንጠይቀው ደውሎ ኮምፒዩተር እንደማይጠግን፣ በስህተት ማስጠንቀቂያዎቹም ላይ ስልክ ቁጥር እንደማያወጣ ደጋግሞ አሳውቋል።

ደዋዩ ቀጥሎ ፕሮግራሙን እንድንጭንና ቁጥሩን እንድናነብለት ይጠይቃል። ከገባ በኋላ ዊንዶውስ የውስጥ ክንውኑን የሚመዘግብበትን ዝርዝር ከፍቶ ቀይና ቢጫ ምልክቶችን ያሳየናል፤ «አዩት፣ ይህ ሁሉ አደጋ ነው» ይላል። እነዚህ ምልክቶች ግን በማንኛውም ጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ የሚገኙ ናቸው። ማስፈራሪያ እንጂ ማስረጃ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ወደ ባንካችን ገጽ እንድንገባ ያደርጋል። አንዳንዱ ስክሪኑን ጥቁር ያደርግና ከጀርባው ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። «የከፈሉትን 200 ኢሮ እንመልስልዎ» ብሎ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ይቀይርና 2,000 ኢሮ የገባ ያስመስለዋል፤ ቀጥሎም «ተሳስቼ አብዝቻለሁ፣ ከሥራ ልባረር ነው፣ ትርፉን ይመልሱልኝ» እያለ ይለማመጣል። የሰው እንጀራ እንዳይቆረጥ የሚያዝን ቅን ሰው ገንዘብ የገባ መስሎት የራሱን ገንዘብ ይልካል። እዚህ ላይ የተጠቃው ስግብግብነት ሳይሆን ርኅራኄ ነው። ስለዚህ «እኔ ሞኝ አይደለሁም» ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

የጉዳቱን መጠን ለማሳየት አንድ አኃዝ እንጥቀስ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነቱ የሐሰት የኮምፒዩተር እርዳታ ከ37,000 በላይ አቤቱታ እንደቀረበለትና የጠፋውም ገንዘብ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ አስታውቋል። ከጠፋው ገንዘብም የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ነው።

ፕሮግራሞቹን የሚሠሩት ድርጅቶችም ቢሆኑ ከጥቃት ነፃ አይደሉም። በፌብሩዋሪ 2024 ኤኒዴስክ የሥራ ኮምፒዩተሮቹ እንደተደፈሩ አስታውቆ የይለፍ ቃሎችን እስከመሰረዝ ደርሷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲታደስ ማደስ፣ የይለፍ ቃልንም ለየብቻው ማድረግ የሁላችን ግዴታ ነው።

የምንመክራቸው ሕጎች

አንደኛ፣ በሩን ለጠራነው እንጂ ለጠራን አንከፍትም። እኛ በምናውቀው ቁጥር ደውለን «እርዳኝ» ያልነው ሰው ሊገባ ይችላል። እሱ የደወለልን ሰው ግን፣ የትኛውንም ስም ቢጠራ፣ በአማርኛ «እማማ» ብሎ ቢያናግረንም፣ ጆሮ ላይ እንዘጋበታለን። ይህ ብልግና አይደለም። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ ያልታወቀን ሰው ጓዳ ማስገባት ግን ባህላችን ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ከባንክ ነኝ ያለን ሰው ከጠረጠርን ስልኩን ዘግተን በባንክ ካርዳችን ጀርባ ወይም በባንኩ ደብዳቤ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችን እንደውል። ደዋዩ የሚሰጠንን ቁጥር አንጠቀም።

ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው ከኮምፒዩተራችን ጋር ተገናኝቶ ሳለ የባንክ ገጽ አንክፈት። ታን የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አናንብብ፤ እኛም ረዳቶቻችሁ አንጠይቃችሁም። የጠየቃችሁ ካለ፣ በእኛ ስም ቢመጣም፣ እኛ አይደለንም።

አራተኛ፣ ረዳቱ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጠን እንይ። ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙን እንዝጋ፤ በየጊዜው የማያስፈልገን ከሆነም ከኮምፒዩተሩ እናንሳው።

አምስተኛ፣ የማኅበርን፣ የዕድርን ወይም የዕቁብን ሒሳብ የያዘ ኮምፒዩተር ከሩቅ የሚከፈት ከሆነ ሒሳብ ሹሙ ብቻውን አይክፈተው። ሁለተኛ የኮሚቴ አባል ይወቀው፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደገባም በመዝገብ ይጻፍ። ይህ ሰውን ለመጠርጠር ሳይሆን ታማኙን ሰው ከሐሜት ለመጠበቅ ነው።

ስድስተኛ፣ የሆነው ሆኖ ሌባ ከገባ ሰዓት መቁጠር እንጀምር። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ሳጥን ከመብራት እንንቀል፤ መስመሩ ሲቆረጥ እጁም ይቆረጣል። ወዲያው በስልክ ለባንካችን እንደውል። ጀርመን አገር ውስጥ ካርድና የኢንተርኔት ባንክ ለማዘጋት 116 116 የሚባለው ቁጥር ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ አብዛኞቹ ባንኮችም በዚያ ይገኛሉ። ፈጣን የሚባለው የባንክ ዝውውር በ10 ሰከንድ ውስጥ ስለሚደርስ «ነገ እደውላለሁ» የሚባል ነገር የለም። ከዚያም የይለፍ ቃሎቻችንን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንቀይር፤ ለፖሊስ እናመልክት፤ ኮምፒዩተሩም በሚያውቅ ሰው ሳይታይና ሳይጸዳ እንደገና አንጠቀምበት።

አንኳኩቶ መግባት

የተከበራችሁ አባላት፤ እስከ አሁን ስለ ሌባ ተናገርን። አሁን ደግሞ ሌባ ስላልሆነው፣ ስለ ራሳችን እንናገር።

እነዚህ ፕሮግራሞች ባለቤቱ ሳይኖር ወይም ሳይፈቅድ በቋሚ የይለፍ ቃል መግባት እንዲቻል ሆነው ሊዘጋጁ ይችላሉ። በረዳቶች ቡድናችን ውስጥ በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «በየአረጋውያኑ ኮምፒዩተር ላይ ቋሚ መግቢያ እናድርግ፤ ቁጥር አንብቡ እያልን አናድክማቸው» አሉ። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ድካሙንም እናውቀዋለን። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ይህን ላለማድረግ ነው።

ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የብዙ ሰዎች ቁልፍ በጥቂት ሰዎች እጅ ከተከማቸ የአንዱ ረዳት ስልክ ቢጠፋ የብዙ ቤት በር ይከፈታል። ሁለተኛውና ትልቁ ክብር ነው። ጋሼ እገሌ የሚጽፉት ደብዳቤ፣ የሚያዩት ፎቶግራፍ፣ የሐኪም ወረቀታቸው የራሳቸው ነው። የ70 ዓመት ሰው እርዳታ ስለፈለጉ ብቻ እንደ ሕፃን ሊታዩ አይገባም። ልጅ እንኳ የአባቱን መኝታ ቤት አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ልጆቻችን ሆይ፣ የወላጆቻችሁን ኮምፒዩተር የምትረዱ ሁሉ፣ ከመግባታችሁ በፊት ደውላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ቋሚ መግቢያ ማድረግ ግድ ከሆነም ነግራችሁ፣ አስረድታችሁ፣ ተስማምታችሁ አድርጉት። ስትሠሩም ቀስ እያላችሁ፣ የምትሠሩትን እየተናገራችሁ ሥሩ። በዝምታ በ2 ደቂቃ የተሠራ ሥራ ነገም ያስደውላል፤ በ15 ደቂቃ እያሳዩ የተሠራ ግን ለሁልጊዜ ይቀራል። ይህን የለመደች እናት የሌባውን ጥድፊያም በቀላሉ ትለየዋለች። የራሷ ልጅ የሚያስፈቅድና የሚያስረዳ ከሆነ፣ ሳያስረዳ «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» የሚላት ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባታል።

ዝምታን እንስበር

በመጨረሻ የምናነሳው ዝምታን ነው። የተታለለ ሰው ያፍራል። «ልጆቼ ምን ይሉኛል፣ ማኅበርተኛው ምን ይለኛል» ብሎ ይደብቃል። በተደበቀበት በዚያ ሳምንት ሌባው በሌላ ስም ተመልሶ «የጠፋብዎትን ገንዘብ ላስመልስልዎ» ብሎ ይደውላል፤ የቀረውንም ይወስዳል። ይህ የታወቀ ዘዴያቸው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ስለሆነም ከዛሬው በዓል ጀምሮ ሦስት ነገር እንዲወሰን በአክብሮት እንጠይቃለን። አንድ፣ የተታለለ አባል ቢነግረን ማንም «እንዴት ይህን አላወቅክም» ብሎ እንዳይገሥጸው፤ በመጀመሪያ ባንክ ይደወልለት፣ ወቀሳው ይቅር። ሁለት፣ የረዳቶች ስምና ስልክ በወረቀት ታትሞ በየአባሉ ቤት ከስልኩ አጠገብ እንዲለጠፍ፤ ሰው ሲደነግጥ የሚደውልበትን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ እንዳይፈልግ፣ ሌቦቹ ቁጥራቸውን እዚያም ያስቀምጣሉና። ሦስት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የምልክት ቃል እንዲኖረው፤ «እኔ ልጅሽ ነኝ» የሚል ሁሉ ያንን ቃል ይጠየቅ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ይህ ማኅበር ለ10 ዓመት ሲያገባ፣ ሲቀብር፣ ሲያስታምምና ሲያስታርቅ የኖረው ሰው ለሰው ስለደረሰ ነው። ከሩቅ የሚዘረጋው እጅም የዚያው መደራረስ አንዱ መልክ ነው። እጁ የማን እንደሆነ ካወቅን፣ ስንጠራው ብቻ የሚመጣ፣ ሥራውን ሲጨርስም የሚወጣ ከሆነ አንፈራውም።

 ለሚቀጥለው 10 ዓመት ሁላችንንም በጤናና በአንድነት ያድርሰን።